የተጫነ ካያክ የሚሸከም ጋሪ፦ አዲስ ልግዛ ወይስ ያለኝን ላሻሽል?

ማራኪ ሰፈር | ግንቦት 12

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ምክር ፈልጌ ነው።

የምኖረው ጎንደር ነው። አምና ወደ አገሩ ሊመለስ ከነበረ አንድ ፈረንጅ ካያክ፣ ማለት በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ፣ ገዛሁ። ፕላስቲክ ነው፣ ሰው ከላዩ የሚቀመጥበት ዓይነት። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 76 ሳንቲ ሜትር፣ ባዶውን 31 ኪሎ ይመዝናል። አብሮት ትንሽ ጋሪ ነበረው። ጋሪው ሁለት ቋሚ ዘንጎች አሉት። ዘንጎቹ ካያኩ ላይ ባሉት የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ይገባሉ። ጎማዎቹ ደረቅ ፕላስቲክ ናቸው። ቁመታቸው 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ ቀጫጭን ናቸው።

ካያኩ ባዶ ሲሆን ጋሪው ምንም አይልም። አስፋልት ላይ በአንድ እጄ እጎትተዋለሁ። ችግሩ የመጣው ያለፈው ቅዳሜ ነው። ጣና ሐይቅ ዳር ጎርጎራ ሁለት ሌሊት ላድር አስቤ ሙሉ ዕቃ ጫንኩ። ድንኳን፣ ብርድ ልብስ፣ ትንሽ ምድጃ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ 15 ሊትር ውሃ። ቤት መዝኜው ነበር፤ ዕቃው ብቻውን 37 ኪሎ ነው። ከካያኩ ጋር 68።

መኪናው የቆመበትና ውሃው ያለበት አይገናኝም። ሐይቁ ሸሽቷል። መሬቱ ከላይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል። መቶ እርምጃ ያህል እንደሄድኩ የግራው ጎማ ቅርፊቱን ሰብሮ ገባ። ስጎትተው ባሰበት። በኃይል ሳብ ሳደርገው አክስሉ እንደ ቀስት ጎበጠ። ከዚያ በኋላ ዕቃውን በሙሉ አውርጄ በአራት ዙር ተሸከምኩ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ጀምሬ ውሃ ላይ የወጣሁት 4 ሰዓት ላይ ነው። ጣናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሳ ውሃው ሌላ ነው። ላድርበት ካሰብኩት ቦታ ሳልደርስ ተመለስኩ። በጣም ነው ያዘንኩት።

ውጭ አገር ያለች እህቴ ደህና ጋሪ ልላክልህ ትላለች። ላስቸግራት? ወይስ የዚህኛውን አክስልና ጎማ ልቀይር? ጎንደር ውስጥ የሚገኝ ጎማስ የትኛው ይሆናል?

የጎርጎራ ልጅ | ግንቦት 12

ወንድሜ አይዞህ። ያጋጠመህ የጋሪ ችግር ብቻ አይደለም፣ የወሩም ነው። ጣና የሚሞላው ክረምቱ ሲወጣ ነው፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ። የሚጎድለው አሁን ነው፣ ግንቦትና ሰኔ። ባሕር ዳር ጨራ ጨራ ላይ እንደ ፈረንጆቹ በ1996 መቆጣጠሪያ በር ከተሠራ ወዲህ ደግሞ ከፍታውን የሚወስነው ዝናብ ብቻ አይደለም። በእኛ በኩል ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ውሃው ትንሽ ሲወርድ ዳሩ ብዙ ይሸሻል።

ያ የተሰነጠቀ መሬት ከሥሩ ጭቃ ነው። አትመነው። ሌላ ጊዜ ስትመጣ መኪና ከሚቆምበት አትነሳ። የደንገል ታንኳ ቆሞ ወደምታይበት ሂድ። አጥማጆቹ ታንኳቸውን ካወጡት በኋላ ውሃው እንዲንጠፈጠፍ አቁመው ያደርቁታል። ደንገል ውሃ ሲጠጣ እንዴት እንደሚከብድ ተሸክሞ ያየ ያውቀዋል። ያን የሚያህል ሸክም ይዘው የሚወጡበት ቦታ እግር የማይሰምጥበት ነው። እነሱን ጠይቅ፣ በደስታ ያሳዩሃል።

ጣናዊት | ግንቦት 13

ከባሕር ዳር ነኝ። አራት ዓመት ሆነኝ ካያክ ከጀመርኩ። የምነግርህ ከጎማው በፊት ስለ ቀዳዳው ነው።

በውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ የሚገባ ጋሪ ለባዶ ካያክ ጥሩ ነው። ማሰሪያ አይፈልግም፣ ሰክተህ መሄድ ነው። ለተጫነ ካያክ ግን አይሆንም። ክብደቱ በሙሉ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች ዙሪያ ያርፋል። ጎማው ድንጋይ በመታ ቁጥር ዘንጉ ፕላስቲኩን ወደ ኋላ ይገፋዋል። የእኔ የመጀመሪያ ካያክ የተሰነጠቀው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አላየሁትም። ውሃ ላይ ሆኜ ከኋላ እየከበደኝ መጣ። ዳር ደርሼ ሳጋድመው ከሆዱ ውስጥ ውሃ ተንቦጫቦጨ። ስንጥቁ ከቀዳዳው ጠርዝ የተነሳች ፀጉር የምታህል መስመር ነበረች። አሁኑኑ ወጥተህ ያንተን ቀዳዳዎች በጣትህ ዳብሳቸው። ጥፍር የሚይዝ ነገር ካለ ውሃ ላይ አትውጣ።

የሚሻልህ ከሥር እንደ አልጋ የሚቀበል ጋሪ ነው። ሁለት ለስላሳ መደገፊያ፣ ከላይ በቀበቶ የሚታሰር። ክብደቱ ሰፊ ቦታ ላይ ያርፋል። ደግሞ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አንሸራተህ ማስቀመጥ ትችላለህ። ይህ ምን ያህል እንደሚጠቅም ሌላ ሰው በሒሳብ ቢያስረዳህ ደስ ይለኛል።

የአዘዞው በያጅ | ግንቦት 13

እህታችን ልክ ብላለች። እህትህን አታስቸግር። እዚሁ ይሠራል።

ጎማው የካሪዮላ ጎማ ይሁን። 4.00-8 የሚለውን ፈልግ፣ ጎኑ ላይ ተጽፏል። ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ወርዱ 10። ለምን ይሄኛው? ባጃጅም የሚሄደው በ4.00-8 ነው። ካላማዳሪው ቢፈነዳብህ ጎንደር ውስጥ የትኛውም ጎሚስታ ጋ አለ። ከውጭ የመጣ ጎማ ሲበላሽ ግን ምን ልትሆን ነው? የባጃጁን ጎማ ከነቸርኬው አትግዛ፣ ይከብዳል። የካሪዮላው ይቀላል። ስትገዛ መሃሉን እይ። በብረት ኳሶች የሚዞር ኩሽኔታ ያለው ይሁን፣ ተራ ቱቦ ብቻ የሆነውን ቦኮላ ተወው። አሸዋና ጭቃ ሲገባው ቶሎ ይበላል፣ ከዚያ ጎማው መዋለል ይጀምራል።

አክስሉ ድፍን ብረት፣ 20 ሚሊ ሜትር። የጎበጠብህ ስንት ነበር?

ማራኪ ሰፈር | ግንቦት 13

አሁን ለካሁት፣ 12 ሚሊ ሜትር ነው። ቀዳዳዎቹንም ዳበስኩ። ጣናዊት፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። የቀኙ ላይ ትንሽ ነጭ የሆነ ቦታ አለ እንጂ ጥፍር የሚይዝ ነገር የለም።

የአዘዞው በያጅ | ግንቦት 14

12 ለዚህ ሸክም አይሆንም። ውፍረት ትንሽ ሲጨምር ጉልበቱ ብዙ ይጨምራል። 20ው ከ12ቱ አራት እጥፍ ተኩል ጭነት ይችላል።

አሁን የሚያሳስበው ከፍታው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ካያክህ 76 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ጎማዎቹን ከካያኩ ውጭ ካደረግካቸው ጋሪው ከ1 ሜትር በላይ ሊሰፋ ነው፣ በግቢ በር አይገባም። ከካያኩ ሥር ከሆኑ ደግሞ የጎማው ጀርባ ሆዱን እንዳይፍቀው መደገፊያው ከፍ ማለት አለበት። ጎማው ከአክስሉ በላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይወጣል። ስለዚህ መደገፊያውን ከአክስሉ በላይ 25 አድርገው። 5 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኖርሃል። ከዚያ በላይ ግን አትሂድ። በጣም ከፍ ካለ ተዳፋት ላይ ይገለበጣል። ከጎማ መሃል እስከ ጎማ መሃል 70 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ፍሬሙ 25 በ25 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ፣ ውስጡ ክፍት የሆነው አራት ማዕዘን ብረት። መደገፊያዎቹ ሁለት፣ እያንዳንዳቸው 60 ሳንቲ ሜትር፣ በካያኩ ርዝመት አቅጣጫ የተኙ። ጫፋቸው ክፍት እንዳይቀር። በላሜራ ዝጋው። ያለበለዚያ ውሃ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል፣ ከውጭ አታየውም።

ደጋማው | ግንቦት 14

እኔ ንፋስ የሚሞላ ጎማ አልመክርም። የግራር እሾህ ባለበት አገር ካላማዳሪ? ድፍን ጎማ ወይም ውስጡ ስፖንጅ የሆነ ይሻላል። አይፈነዳም፣ አያሳስብም። ሁለት ጊዜ እሾህ ወግቶብኝ መንገድ ላይ ቀርቼ ስለማውቅ ነው።

ጡረተኛው መምህር | ግንቦት 15

ልጆች፣ ደጋማው የሚለው እውነት አለው። ለከተማና ለኮረት መንገድ ድፍን ጎማ ጥሩ ነው። ጭቃና አሸዋ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። በቁጥር ላሳያችሁ።

68 ኪሎ በሁለት ጎማ ሲካፈል ለአንዱ 34 ነው። ደረቁ ቀጭን ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ 4 ሳንቲ ሜትር በ2 ቢሆን 8 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። 34ን ለ8 ስናካፍል በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ከ4 ኪሎ በላይ ያርፋል። ንፋስ ያለው ጎማ ግን ሸክሙ እስኪመጣጠን ድረስ ይተኛል። መሬቱን የሚጫነው በግምት በውስጡ ባለው ንፋስ ልክ ነው። 10 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ብትሞላው 0.7 ኪሎ በካሬ ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። የሚነካው ቦታም ወደ 49 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። መሬቱ ላይ የሚያርፈው ጫና ከስድስት እጅ አንዱ ያህል ሆነ ማለት ነው። ቅርፊቱ የሚሰበረውና የማይሰበረው እዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ስለዚህ ንፋስ ያለውን ያዝ፣ የብስክሌት ፓምፕና የካላማዳሪ መለጠፊያም ይዘህ ሂድ። አስፋልት ላይ ጠንከር አድርገህ ሙላው፣ ዳርቻው ላይ ስትደርስ አስተንፍሰው። በአውራ ጣትህ ስትጫነው ገባ የሚል ይሁን።

ጣናዊት የጠየቀችውን ደግሞ ልመልስ። ልጄ፣ የድሮው ጋሪህ ቀዳዳዎች ከካያኩ አፍንጫ ስንት ይርቃሉ? የጭነትህ ሚዛንስ የት ላይ ነው?

ማራኪ ሰፈር | ግንቦት 15

ጋሼ፣ ስለ ትዕግስትዎ አመሰግናለሁ። ቀዳዳዎቹ ከአፍንጫው 2 ሜትር ከ70 ላይ ናቸው። ሚዛኑን እንዴት እንደምለካው አላውቅም።

ጡረተኛው መምህር | ግንቦት 15

ቀላል ነው። ልክ እንደ ጉዞህ ቀን ጫነው፣ ውሃውንም ሳትረሳ። ከሥሩ አንድ ድብልብል አጣና አግድመህ አስገባ። ካያኩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንሸራተው። ሁለቱም ጫፍ መሬት ሳይነካ የሚቆምበት ቦታ ሚዛኑ ነው። በኖራ ወይም በከሰል ምልክት አድርግበት።

ማራኪ ሰፈር | ግንቦት 17

ዛሬ ጠዋት ከጎረቤት ልጅ ጋር ግቢ ውስጥ ለካነው። ከአፍንጫው 1 ሜትር ከ90 ላይ ቆመ።

ጡረተኛው መምህር | ግንቦት 17

እንግዲህ ተመልከት። ጎማው ከሚዛኑ 80 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ነበር። 68 ሲባዛ በ0.8 ሲካፈል ለ2.7፣ 20 ኪሎ። ስትጎትት ብቻ አልነበረም፣ አንድ ጀሪካን ውሃ የሚያህል ክብደት በእጅህ አንጠልጥለህ ነበር የምትሄደው። ጎማውን 2 ሜትር ላይ ብታደርገው ደግሞ 68 በ0.1 ለ2፣ 3.4 ኪሎ ብቻ። ልክ ሚዛኑ ላይ አታድርገው፤ አፍንጫው ወደ ላይ ይዘልብሃል። እጅህ ላይ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ይቅርልህ። ቁልቁለት ላይ የሚያረጋጋህ እሱ ነው።

ውሃውን ደግሞ ካያኩ መሃል ላይ ጫነው። 15 ሊትር 15 ኪሎ ነው፣ ጫፍ ላይ ካስቀመጥከው ሚዛኑን ያዛባዋል። ከጠጣኸው በኋላም ስትመለስ ሚዛንህ ሌላ ይሆናል። ድጋሚ ማስተካከል አትርሳ።

ማራኪ ሰፈር | ግንቦት 18

20 ኪሎ! ሁለት ቀን ትከሻዬን ያመመኝ ለዚህ ነው። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ጋሪው ከካያኩ ሥር ወደ ኋላ ተንሸራቶ እንዳይወጣ ምን ላድርግ? ሁለተኛ፣ ውሃ ላይ ስወጣ ጋሪውን የት አደርገዋለሁ?

ጣናዊት | ግንቦት 18

ማሰሪያው ላይ ጊዜ ስጥ። አንድ ቀበቶ በወገቡ ዙሪያ ብቻ ካሰርክ የምትፈራው ይደርሳል። እኔ የማደርገው ይኸው። ያረጀ ካላማዳሪ በመቀስ በረጅሙ ቀድጄ መደገፊያዎቹን እንደ ፋሻ ጠመጠምኳቸው። ጎማ በፕላስቲክ ላይ አይንሸራተትም፣ ሆዱንም አይፍቅም። ቀጥሎ ሁለት ቀበቶ፣ አንዱ ከመደገፊያው ፊት፣ አንዱ ከኋላ። ሦስተኛው ደግሞ ቀጭን ገመድ ነው። ከጋሪው ፍሬም ተነስቶ ወደ ፊት ሄዶ የካያኩ መያዣ ላይ ይታሰራል። ድንጋይ ሲመታ ጋሪውን የሚይዘው ይህ ገመድ ነው። ሌላው ቢላላ እሱ አይላላ።

በጥርስ እየተሳበ የሚጠብቀውን የጭነት መኪና ቀበቶ አትጠቀም። ጉልበቱ ብዙ ነው። ፀሐይ ላይ የሞቀ ፕላስቲክ ይለሰልሳል፣ ሆዱ ተጨምቆ እንደዚያው ይቀራል። በእጅ ስበህ የምታቆመው ይበቃል።

የት ታደርገዋለህ ላልከው፣ መልሱ ጉዞህ ላይ ነው። ወደተነሳህበት የምትመለስ ከሆነ ለሚያምኑት ሰው አደራ ሰጥቶ መሄድ ነው። ሌላ ቦታ የምትወርድ ከሆነ ግን ይዘኸው ልትሄድ ነው። ስለዚህ ጎማዎቹ በፒን የሚነቀሉ ይሁኑ። ጎማዎቹን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ ጠፍጣፋ አድርገህ እሰራቸው። ቆመው ከታሰሩ ነፋስ ይይዛቸዋል።

የጎርጎራ ልጅ | ግንቦት 19

እኔም ሁለት ነገር ልጨምር። ክረምት ልትመጣ ካሰብክ የደምቢያ መረሬ፣ ያ ጥቁር የሚያጣብቅ አፈር፣ ጎማ ላይ እየተጠቀለለ ይወፍራል። ጎማውን ከላይ የሚያቅፍ ብረት ካለ ጭቃው እዚያ ይጠቀጠቅና ጎማው መዞሩን ያቆማል። ስለዚህ በጎማው ዙሪያ ምንም ብረት አይኑር። በያጁ ያለው 5 ሳንቲ ሜትርም ለበጋ እንጂ ለሐምሌ አይበቃም። ሐምሌ ላይ አስፋልት ወይም ኮረት ከውሃው አጠገብ የሚደርስበትን ቦታ ምረጥ።

ሁለተኛው ልመና ነው። ከውሃ ስትወጣ ጎማውንና ካያኩን እዚያው እጠበው። እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረም ጣና ላይ መኖሩ የታወቀው እንደ ፈረንጆቹ 2011 ነው። ከዚያ ወዲህ ያየነውን እኛ ነን የምናውቀው። አባቴና ጎረቤቶቹ ወገባቸው ድረስ ውሃ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ከርመዋል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከተክሉ የተቆረጠች ትንሽ ቡቃያም ትበቃዋለች። ጭቃ የያዘ ጎማ ጎንደር ወስደህ አንገረብ ግድብ ዳር ብታንከባልለው፣ ከተማው ወደሚጠጣው ውሃ ወሰድከው ማለት ነው። ስለ እናት አምላክ፣ ይህችን አትርሳ።

ማራኪ ሰፈር | ግንቦት 19

አልረሳም ወንድሜ። ቃሌ ነው። ብሩሽና ባልዲ ከጋሪው ጋር አስሬ ነው የምሄደው።

ማራኪ ሰፈር | ጥቅምት 6

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ወስጄ ዝም ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ጋሪው ሰኔ ላይ ተሠራ። ያለፈው ሳምንት በሙሉ ጭነት ሞከርኩት።

የካሪዮላ ጎማዎቹን ቅዳሜ ገበያ አካባቢ አገኘኋቸው። አንዱ ሱቅ ኩሽኔታ አለው ብሎ ቦኮላ ያለው ሊሰጠኝ ነበር፣ በጣቴ አዙሬ ስለሞከርኩት አወቅኩ። አክስሉ 20፣ ፍሬሙ 25 በ25 ቱቦላሬ፣ ጫፎቹ በላሜራ የተዘጉ። መደገፊያዎቹን ጣናዊት እንዳለችው በካላማዳሪ ጠመጠምኳቸው። አራት ዙር ሲሆን ጥሩ ትራስ ወጣው። ጋሪው ብቻውን 12 ኪሎ መዘነ። ይህ ቀላል አይደለም፣ ይዤው ውሃ ላይ ለመውጣት ይከብደኛል። ለአሁኑ አደራ ሰጥቼ ነው የምሄደው።

ጎርጎራ ላይ ውሃው ሞልቷል። መንገዱ ከግንቦቱ በጣም አጥሯል። እኔ ግን ጋሪውን መፈተን ስለፈለግኩ ሆን ብዬ ራቅ ካለ ቦታ ተነሳሁ። ጎማዎቹን በአውራ ጣት ገባ እስኪሉ አስተነፈስኳቸው። እርጥብ ሣርና ለስላሳ አፈር ላይ ሰፊ ጠፍጣፋ አሻራ እየተው ሄዱ። ጥልቀቱ አንድ ጣት አይሞላም። በአንድ እጄ እየጎተትኩ በሌላው ስልኬን ይዤ አወራሁ። አንድ ጊዜ ቆሜ ወደ ኋላ ዞሬ አሻራውን አየሁት። ግንቦት ላይ የቆፈርኩት ጉድጓድ ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከመኪና እስከ ውሃ፣ ማሰሩንና መፍታቱን ጨምሮ፣ 25 ደቂቃ። 1 ሰዓት ሳይሆን ውሃ ላይ ነበርኩ። ሁለቱንም ሌሊት አደርኩ።

አንድ ስህተት አገኘሁ። መደገፊያውን ከፍሬሙ ጋር የያዘው ቡሎን ጫፉ ከነዳዶው ወደ ላይ ወጣ ብሎ ነበር። ካላማዳሪውን በስቶ የካያኩን ሆድ ጫረው። ጥልቅ አይደለም። ቡሎኑን ገልብጬ ዳዶውን ወደ ታች አዞርኩት፣ ራሱ ላይም ራንዴላ ጨምሬ ጠመጠምኩበት። የምትሠሩ ሰዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲህ አድርጉት።

ስመለስ ካያኩንና ጎማዎቹን ዳር ላይ በባልዲ አጠብኳቸው። የጎማው ጥርስ ውስጥ የገባውን ጭቃ በእንጨት ፈልፍዬ አወጣሁት።

ደጋማው | ጥቅምት 6

እንኳን ደስ አለህ። እሾህስ?

ማራኪ ሰፈር | ጥቅምት 7

አንድ ጊዜ ወግቷል፣ የቀኙን። ፓምፕና መለጠፊያ ይዤ ስለነበር ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ያንተም ስጋት ልክ ነበር ወንድሜ።

ጡረተኛው መምህር | ጥቅምት 7

ስትመለስ፣ ውሃውና ምግቡ ካለቀ በኋላ፣ እጅህ ላይ ስንት ኪሎ ቀረ?

ማራኪ ሰፈር | ጥቅምት 7

ጋሼ፣ በሚዛን አልለካሁትም። አፍንጫው ግን ወደ ላይ መዝለል ጀምሮ ነበር። ቀበቶዎቹን ፈትቼ ጋሪውን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ሳብ ሳደርገው ተረጋጋ።

የአዘዞው በያጅ | ጥቅምት 8

ጥሩ ሠርተሃል። አዲስ ዳዶ ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ይላላል። ሁሉንም አንድ በአንድ ድጋሚ አጥብቃቸው፣ ኩሽኔታዎቹንም ግራሶ ቀባቸው። ከቀጣዩ ጉዞ በፊት ወደ አዘዞ ብቅ በል፣ ብየዳውን እኔም ልየው።